ከአየር ጤና እስከ ሜክሲኮ

ያኔ የሁለተኛ ዓመት የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም፣ ነበርኩ። ሰኞ ሰኞ የጨጓራና አንጀት ክሊኒኩ የእኔ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ስገባ ኮሪደሩ ሞልቶ ይጠብቀኛል። የበላዬ ስፔሻሊስት፣ ሲኒየሩ፣ አራት ሰዓት ገደማ ብቅ ይልና እኔ የጻፍኩት ላይ ይፈርማል።

ሰውየው የሚኒባስ ሹፌር ናቸው። አልሰሬቲቭ ኮላይተስ፣ ትልቁን አንጀት እያቆጣ የሚያቆስል የቆየ በሽታ፣ አለብዎት ከተባሉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ በፊት እንደ ብዙዎቻችን አገር ሰው «አሜባ ነው» እየተባሉ ፍላጅል ሲውጡ ከርመዋል። እኔ ጋ ሦስተኛ ቀጠሯቸው ነበር። ሁለቱን ጊዜ ካርዳቸው ላይ «ሪሚሽን» ብዬ ጽፌያለሁ፤ በሽታው ተኝቷል ማለት ነው። ሦስተኛውንም ልጽፍ እስክሪብቶዬን አንስቻለሁ።

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

«ተመስገን! ደህና ነኝ።»

«ሽንት ቤት መመላለሱስ?»

«እንደ ወትሮው ነው።»

«ደምስ?»

«ኧረ ደም የለም።»

ሜዮ ስኮር የዚህን በሽታ ክብደት በነጥብ የምንለካበት ነው፤ ዜሮ ማለት ችግር የለም ማለት ነው። በእሱ ይህ ሲተረጎም ምልልስ ዜሮ፣ ደም ዜሮ ነው። የሐኪሙ ግምት የሚባል ሦስተኛ መስመር አለ፤ እሱንም ዜሮ አልኩት። ኪሎ አልቀነሱም። በደም ውስጥ የቁጣ ምልክት የሆነው ሲአርፒያቸው ንጹሕ ነው። ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝ። በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ሲስተር ጥጉ ላይ ተቀምጣ የሌላ ሰው ደም ግፊት እየለካች ነበር። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ከቀራቸው፣ ሬዚደንት ሲመጣና ሲሄድ ካዩት ነርሶች አንዷ ናት። ቀና ሳትል፦

«አንተ፣ የትኛው መስመር ላይ ነው የምትሠራው?» አለቻቸው።

«ከአየር ጤና ሜክሲኮ።»

«እስቲ መንገድህ ላይ ያሉትን ሽንት ቤቶች ጥራልኝ።»

እኔ ሳቅኩ። ሰውየው አልሳቁም። ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«አየር ጤና ተራው አጠገብ ያለው ምግብ ቤት። ግን ከሦስት ሰዓት በፊት አይከፍትም። ዘነበወርቅ ማደያው አለ። ቁልፉ ሒሳብ ተቀባይዋ ጋ ነው፤ ነዳጅ ባትቀዳም ትሰጥሃለች፣ ደግ ልጅ ናት። ከዚያ አንድ ያላለቀ ሕንፃ አለ፤ ዘበኛው አሥር ብር ይቀበላል። ጦር ኃይሎች ሁለት አለ፤ አንዱ ውሃ የለውም…»

ሰባት ጠሩ። የየትኛው በር ከውስጥ እንደማይቆለፍ ሳይቀር ያውቃሉ። መሀል መንገድ ላይ ሲቆሙ ረዳቱ ለተሳፋሪው «ጎማ ሊያይ ነው» እንደሚል ነገሩን። አንድ ቀን ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አብሮ ጎማ ፈለገ አሉ።

«ቁርስ ትበላለህ?» አለች ሲስተር።

«ማታ ነው የምበላው። ቀን ከበላሁ መሥራት አልችልም።»

ይህን ጊዜ ነው እኔ የገባሁበት። «እንዴ ጋሼ! እንደ ወትሮው ነው አላሉኝም?» አልኩ። ድምፄ ውስጥ ትንሽ ቁጣ ነበረችበት። ዛሬም ትዝ ስትለኝ ታሳፍረኛለች።

«ዶክተር፣ ወትሮዬ እኮ ይኸው ነው» አሉኝ።

ደሙንም ጠየቅኳቸው። ደም የለም ያሉት እንደ መጀመሪያው ጊዜ የሚንጠባጠበውን ነው። ወረቀቱ ላይ የሚታየውን ቆጥረውት አያውቁም።

የስኮሩ ጥያቄ «ከበሽታው በፊት ከነበረው ጋር ሲወዳደር» ነው የሚለው። እሷን ሐረግ ለፈተና በቃሌ አውቃታለሁ። አፌ ላይ ግን «መመላለሱስ?» ሆና ቀርታለች። ደግሞም በእኛ አገር «እንዴት ሰነበቱ» ለተባለ ሰው መልሱ አንድ ነው። አልጋ ላይ የወደቀ ሰው እንኳ መጀመሪያ «ተመስገን» ይላል። እኔ ሰላምታውን ነበር ቁጥር የሰጠሁት።

የሰገራ ካልፕሮቴክቲን ላክን። በግል ላብራቶሪ ነው፣ ከኪሳቸው ነው። ካልፕሮቴክቲን ነጭ የደም ሴሎች የተቆጣው አንጀት ውስጥ ሲገቡ የሚተዉት ፕሮቲን ነው፤ የጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 በታች ነው። ከ250 ካለፈ አንጀቱ ላይ ቁጣ አለ ብሎ መጠርጠር ነው። የእሳቸው «ከ1800 በላይ» ተብሎ መጣ፤ ማሽኑ ከዚያ ወዲያ አይቆጥርም። የአንጀት መመልከቻ ካሜራው፣ ኮሎኖስኮፒው፣ ሲገባ የግራው አንጀት ቀልቶ፣ ሲነኩት ይደማል። ያ ንጹሕ ሲአርፒ? ይህ በሽታ ሲአርፒን ሳያነሳ አንጀት መላጥ ይችላል። እሱንም ለፈተና አውቀው ነበር። መድኃኒቱ ተቀየረ። ሰውየው በሁለት ወራቸው ቁርስ በልተው መጡ።

እስካሁን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ዓርብ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ሲኒየሩ ተነሣና «አንድ ታካሚዬን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት» ብሎ ጀመረ። ስላይድ ሳይቀር አሠርቷል። ያ ጥያቄ ሲጠየቅ እሱ ገና ከቤቱ አልወጣም። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ የዓመቱን ግምገማዬን የሚሞላው እሱ ነው።

ለሲስተር እየተንጨረጨርኩ ነገርኳት። ጓንቷን እያወለቀች ሰማችኝና፦

«መስመሩን ምን ብሎ ተናገረ?» አለች።

«ከመገናኛ ቦሌ።»

«ውይ፣ እሱንም አሳስቶታል» ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

እኔ ጥያቄዋን ወረስኩ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ለመጣው ሁሉ «ሽንት ቤት ጥሩልኝ» ሆነ ሥራዬ። አንዲት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ «አንድ ብቻ ነው የማውቀው» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ዜሮ ጻፍኩላት። አለቃዋን ለምና ወንበሯን ከዚያች ሽንት ቤት በር ሥር እንዳዛወረች የሰማሁት ደም አንሷት ድንገተኛ ክፍል ስትገባ ነው።

ከእሷ በኋላ ማንንም ላላምን ወሰንኩ። አንድ ጎልማሳ መጣ። እንደ ልማዴ ጠየቅኩት። አሥራ አራት ጠራልኝ። የትኛው ማፍሰሻው እንደተሰበረ፣ የትኛው ውሃው ማታ ብቻ እንደሚመጣ፣ የትኛው ፎቅ ላይ እንደሆነ አንድ በአንድ። እስክሪብቶዬ ደከመኝ። «በሽታው ተነሥቷል» ብዬ ጻፍኩና ካልፕሮቴክቲን አዘዝኩ። ሰውየው ብሩ ቢከብደውም አልተከራከረኝም፤ ከፍሎ አሠራ።

ውጤቱ 32።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየሁት። ናሙናው የሌላ ሰው ይሆን ብዬ ላብራቶሪውን ላነጋግር ስልክ አነሣሁ። ሲስተር ካርዱን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥታ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠችና ወደ እኔ አዞረችው። «ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት በራሴ የእጅ ጽሑፍ «ቧንቧ ሠራተኛ» ይላል።

«ዶክተር፣» አለ ሰውየው፣ «ግማሾቹን እኮ የገጠምኳቸው እኔ ነኝ።»