ቦይለሩ ሲጮህ
ዛሬ ቦይለራችን ሲጮህ እቤት ያለው ሁሉ ሊፈነዳ ነው ብሎ ከሻወር ራቀ 😂 ቴክኒሻኑ ሲከፍተው ግን ውሃውን የሚያሞቀው ኤለመንት በወፍራም ነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል፣ ለካ ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲሞቅ እየጠጠረ ይለጠፍበታል፣ ከስሩ የተያዘችው ውሃ ደሞ ብቻዋን ትፈላና እንፋሎቱ አረፋ ሆኖ ሲፈርጥ ነው ያ ሁሉ ጉርጉርታ የሚሰማው። ከ60 ዲግሪ በላይ ሲደረግ ቅርፊቱ ቶሎ ቶሎ ይጋገራል፣ የኛ 75 ላይ ነበር (ማን እንደጨመረው እስካሁን ያመነ የለም)። ኤለመንቱን ፍቆ ከታች የተጠራቀመውን አጥቦ አወጣው፣ አሁን ሰላም ነው። በነገራችን ላይ ሴፍቲ ቫልቩ ውሃው ሲሞቅ ትንሽ ጠብ ጠብ ቢል ኖርማል ነው፣ ግፊቱን እያስተነፈሰ ነው፣ ያፈሳል ብላችሁ እንዳትደፍኑት፣ የምር የሚፈነዳው ያኔ ነው። ለመክፈት ካሰባችሁ ደሞ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ታንኩ እንዳይዝግ በሱ ፈንታ የሚበላው የማግኒዚየም ዘንግም አልቋል ብሎኛል፣ ቀጣዩ ወጪ እሱ ነው።