ታጉ ላይ «ሂ» ነው ወይስ «ዜይ»?

ኩዌስችን ታግ፣ ማለትም በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ እንደ «ኢዝንት ኢት?» የምትቀጠለው አጭር ጥያቄ፣ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሕጉ ግማሽ ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ፖዘቲቭ ከሆነ ታጉ ኔጌቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ታጉ ፖዘቲቭ። በቃ። ልጆቹ ይህን ይሸመድዱና ፈተና ላይ ሲቀመጡ አራቱም ምርጫዎች ኔጌቲቭ ሆነው ይጠብቋቸዋል። የሚለያዩት በተውላጠ ስሙ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ፣ የ12ኛ ክፍል ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ጎበዝ ልጅ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው፤ አንጀቴ የሚያርረውም ማንም አስቦ ስላላስተማራቸው ነው።

መነሻው ቀላል ነው። ታጉ ላይ ስም አይገባም፣ ስሙን የሚተካው ተውላጠ ስም ነው የሚገባው። ባለቤቷ አስቴር ከሆነች «ሺ»፣ አስቴርና ሳሚራ ከሆኑ «ዜይ»፣ አንተና እኔ ከሆንን «ዊ»። እስከዚህ ድረስ ማንም አይሳሳትም።

ጣጣው የሚጀምረው «ኤቭሪባዲ» ላይ ነው። «ኤቭሪባዲ ኢዝ ሂር» ሲባል ግሡ «ኢዝ» ነው፣ ማለትም ነጠላ። ታጉ ግን «አርንት ዜይ?» ይሆናል። «አቦ ቲቸር፣ ነጠላ ነው ብለሽን አልነበር እንዴ?» ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ መጠየቅ አለባቸው። ግሡ የሚከተለው የቃሉን ቅርጽ ነው፤ ተውላጠ ስሙ ግን ቃሉ ማንን እንደሚወክል አይቶ ነው የሚመረጠው። «ኤቭሪባዲ» ውስጥ ወንድም ሴትም አለ፣ ብዙ ሰው አለ፣ ስለዚህ «ዜይ»። እኛ ግን በአማርኛ «ሁሉም ሰው መጥቷል» ብለን በወንድ ነጠላ ስለምንጨርሰው፣ እጃችን ሳናስበው «ሂ» ላይ ያርፋል። «ሰምባዲ»፣ «ኤኒባዲ»፣ «ኤቭሪዋን»ም እንደዚሁ ናቸው። አንዳንድ ሰው ይህን የዘመኑ ፈሊጥ ያደርገዋል፤ እንግሊዝኛ ግን «ዜይ»ን ማንነቱ ላልተለየ አንድ ሰው መጠቀም የጀመረው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን አንስቶ ነው። ደግሞ «ዜይ» ሲገባ ረዳት ግሡም አብሮት ይቀየራል፦ «ሰምባዲ ሃዝ ቴክን ማይ ፔን፣ ሃቭንት ዜይ?» «ሃዝንት ዜይ» ብሎ ነገር የለም።

«ኖባዲ» ደግሞ ድርብ ወጥመድ ነው። ተውላጠ ስሙ «ዜይ» ነው፣ በዚያ ላይ ቃሉ ራሱ አፍራሽ ስለሆነ ታጉ ፖዘቲቭ መሆን አለበት። «ኖባዲ ኮልድ፣ ዲድ ዜይ?» ልጆቹ «ኖት» የሚለውን ቃል ይፈልጉና ሲያጡት «ዲድንት» ይላሉ። «ኔቨር» እና «ሃርድሊ»ም የሚሸውዱት በዚሁ መንገድ ነው።

ወደ ግዑዝ ነገር ስንመጣ የራሳችን ቋንቋ በሌላ በኩል ይጎትተናል። እኛ ባቡሯ መጣች፣ ፀሐይዋ ከረረች፣ ባጃጇ ተበላሸች እንላለን። ድሬንም «ሞቃት ናት» ነው የምንላት፣ እንደ ሰው። በእንግሊዝኛ ሁሉም «ኢት» ናቸው፦ «ድሬዳዋ ኢዝ ሆት፣ ኢዝንት ኢት?» አገርንና መርከብን «ሺ» የሚሉ የቆዩ ጽሑፎች አሉ፣ ፈተና ላይ ግን አትመኑባቸው። «ናቲንግ» እና «ኤቭሪቲንግ»ም «ኢት» ናቸው። «ዘ ፖሊስ» ግን ሁልጊዜ «ዜይ» ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ «ዚስ» እና «ዛት»ን ነው። ወንድምህን ከሩቅ አይቼ «ዛት ኢዝ ዩር ብራዘር» ካልኩ ታጉ «ኢዝንት ኢት?» ነው። የሚነገርለት ሰው ነው፣ ባለቤቱ ግን «ዛት» የሚለው ቃል ነው፣ እሱን የሚተካው ደግሞ «ኢት»። «ዚዝ» እና «ዞዝ» ከሆኑ «ዜይ»።

«ዜር» ራሱን ይደግማል። የድሬው ደቻቱ ወንዝ ክረምት ላይ ሲሞላ «ዜር ኢዝ ዋተር ኢን ዘ ሪቨር፣ ኢዝንት ዜር?» እንላለን። ውሃ ስላለ «ኢት» መጨመር የለበትም።

«አይ አም» ላይ ታጉ «አርንት አይ?»፣ «ሌትስ» ላይ «ሻል ዊ?»። ሁለቱን መሸምደድ ነው፣ ሌላ መፍትሔ የላቸውም።

እኔ በጣም የምወደው ግን «አይ ቲንክ» ያለበትን ነው፣ ምክንያቱም ልጁ የሚያነበውን መረዳቱ የሚታወቀው እዚያ ነው። «አይ ዶንት ቲንክ ሂ ኢዝ ካሚንግ» ካልኩ ታጉ «ዱ አይ?» አይደለም፣ «ኢዝ ሂ?» ነው። የራሴን ሐሳብ ሌላ ሰው እንዲያረጋግጥልኝ አልጠይቅም፤ የምጠይቀው ስለሱ መምጣት ነው። አፍራሽነቱም ከ«ዶንት» ተሻግሮ እዚያው ላይ ስለሚሠራ ታጉ ፖዘቲቭ ሆነ። «አስቴር ቲንክስ ሂ ኢዝ ካሚንግ» ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፣ አሁን የምጠይቀው አስቴር ምን እንዳሰበች ነውና «ደዝንት ሺ?» እላለሁ። ስለዚህ ልጆቼን መጀመሪያ ረዳት ግሡን እንዲነኩ አልፈቅድም። ጥያቄው ስለማን ወይም ስለምን እንደሆነ ለይተው ተውላጠ ስሙን ብቻ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ነው ግሡን የሚፈልጉለት።