የሳምንቱን ዙር በሰኞ

ደሴ አንድ ጂም የሚሠለጥን ወጣት ነዋሪነቱ ኮምቦልቻ ነው። የፈረቃ ሥራ ስላለበት ዳገቱን የሚወጣው ሰኞ ብቻ ስለሆነ የሳምንቱን የደረት ሥራ በአንድ ቀን ሊጨርስ ቆረጠ፦ ቤንች ፕሬስ (አግዳሚ ላይ ተንጋሎ ባርቤል መግፋት) 6 ዙር፣ ዘንበል ባለው አግዳሚ 6፣ ዳምቤል ፍላይ (የእጅ ክብደት ይዞ ክንድን ወደ ጎን ዘርግቶ መልሶ መግጠም) 5፣ ፑሽ አፕ 5። ድምሩ 22። (ዙር ሳያርፉ በተከታታይ የሚሠራ ድግግሞሽ ነው፤ ጂም ውስጥ በእንግሊዝኛው «ሴት» የሚሉም አሉ፤ ደብተር ላይ «ለደረት 22 ሴት» ተብሎ ሲነበብ ግን ያስቃል፤ ዙር ይሻላል።)

በሁለተኛው ወር ቤንቹ ከ60 ኪሎ አልነቃነቅ አለ፤ የግራ ትከሻውም ያመው ጀመር። አሰልጣኙ መጀመሪያ ከፍታውን ጠረጠረ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ገደማ ናቸው፤ ከታች የሚመጣ ሰው በዙር መሀል ትንፋሽ ያጥረዋል። ትከሻ ግን በዚህ አይታመምም። ደብተሩ ሲገለጥ የቤንቹ ድግግሞሽ 8፣ 7፣ 5፣ 4፣ 3፣ 3 ይላል፤ እረፍቱ 1 ደቂቃ። ከሦስተኛው ዙር ወዲህ ክንዱ ሲዝል ክርኑ ወደ ጎን ይከፈታል፣ ባርቤሉም ወደ አንገት ይሸሻል። ትከሻውን የጎዳው ይኼው ነው።

«ስማ ወንድሜ፣ ግማሹን ይዘኸው ኮምቦልቻ ውረድ» አለው።

ሰኞ ባዶ ዘንግ 20 ኪሎ በ10 ድግግሞሽ፣ ከዚያ 40 ኪሎ በ5፤ እነዚህ ማሟሟቂያ ስለሆኑ አይቆጠሩም። ቀጥሎ በ55 ኪሎ 3 ዙር ቤንች፣ ሁለት ድግግሞሽ አቅም እያስተረፉ፤ ዳምቤል በዘንበል አግዳሚ 2 ዙር፤ በየመሀሉ 3 ደቂቃ እረፍት። ሐሙስ እቤቱ፣ 10 ኪሎ አሸዋ የያዘ ቦርሳ ጀርባው ላይ አዝሎ 5 ዙር ፑሽ አፕ። በሳምንት 10። በ8 የጀመረ ዙር ወደ 5 ከወረደ የዚያ ቀን ቤንች አበቃ።

«ሌላው 20 ይሠራ የለ?» ብሎ ተከራከረ። ይሠራል፤ ዓመታት የሠራ ሰው፣ ለዚያውም በሁለት በሦስት ቀን ከፋፍሎ። ዙር የሚጨመረው እንቅልፍና ምግብ ሳይጓደል ክብደቱም ድግግሞሹም ለጥቂት ሳምንታት ሲቆም ነው፤ ያውም አንድ ብቻ።

በስድስተኛው ሳምንት 60 ኪሎን ሦስቱንም ዙር በ8 ጨረሰ፤ ትከሻውም ለቀቀው። ረመዳን ሲገባ ልምምዱን ከአፍጥር በኋላ አደረገ፤ ቤንቹን ወደ 2 ዙር አወረደ፣ ክብደቱን አልነካም። ያገኙትን ጉልበት ለማቆየት ይኼ ይበቃል።