ነጭ ሸማና ጥቁር በርኖስ በ28 ሚሊሜትር ላይ

ከእግሩ እስከ ዓይኑ 28 ሚሊሜትር ነው። በቀለም የምቀባው የዐድዋ ዘመን ዘማች ትንሽ ቅርጽ ነው፤ ነጭ ሸማ ለብሶ ጥቁር በርኖስ ደርቦበታል። ትንንሽ ምስል የምንቀባ ሰዎች ነጭና ጥቁርን መሸሽ እንወዳለን። የ1888ቱን ሠራዊት እሠራለሁ ላለ ሰው ግን መሸሻ የለም፤ አብዛኛው ሰው ነጭ ለባሽ ነው።

ጣጣው የት ላይ ነው? ሌላ ቀለም ሲሆን ጥላውን ታጠቁራላችሁ፣ ብርሃን የሚያርፍበትን ታፈካላችሁ። ከነጭ የባሰ ነጭ፣ ከጥቁር የባሰ ጥቁር ግን አይገኝም። ሸማውን ገና ከመነሻው በንጹሕ ነጭ ከለበጣችሁት የእጥፋቱን ጫፍ በምን ልታደምቁት ነው? ስለዚህ እኔ ነጩን ከነጭ ዝቅ ብዬ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ከፍ ብዬ እጀምራለሁ። ንጹሑ ቀለም መጨረሻ ላይ ጠብታ ብቻ ነው የሚገባው።

መጀመሪያ ሸማው። ፕራይመሬ፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የምቀባው መደብ፣ ግራጫ ነው። ነጭ ፕራይመር ላይ የት እንደቀባሁ አይታየኝም፤ ጥቁር ላይ ደግሞ ነጩ እስኪሸፍን ዕድሜ ያልቃል። መነሻዬ ቫሌሆ የተባለው ኩባንያ አይቮሪ፣ ማለትም ክሬም መሰል ነጭ ቀለም ነው፤ ትንሽ ቡናማ ጠብ አደርግበታለሁ። የእጅ ፈትል ጥጥ ድርቅ ያለ ነጭ አይደለም፣ ወደ ክሬም ያደላል። ከዚያ በውሃ የቀጠነ ቡናማ ግራጫ ወደ እጥፋቱ ጥልቀት ብቻ አስገባለሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደፍራል፤ ግማሹን ልብስ ጥላ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ሸማው ነጭ መሆኑ ይቀርና ግራጫ ልብስ ይሆናል። አብዛኛው ገጽ ፈካ ብሎ መቅረት አለበት። የእጥፋቱን ጀርባ በንጹሕ አይቮሪ እመለስበታለሁ። ትከሻው ላይ፣ ክርኑ ላይና የጨርቁ ጠርዝ ላይ ብቻ ንጹሕ ነጭ።

ነጭ ቀለም ራሱ አመለኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ ወፈር ብሎ ከተቀባ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል፣ ብሩሹ ያለፈበት መስመርም ይቀራል። መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ጠርሙሱን በደንብ መነቅነቅ፣ ቀለሙን ማቅጠን፣ አንዱ ድርብ በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አለመንካት። የመጀመሪያው ድርብ ሁሌም ያስጠላል፤ አትደንግጡ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ያስተካክሉታል። ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅብኝ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አነጥፋለሁ፤ ላዩ ላይ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት። ቀለሙን እዚያ ላይ ነው የምደባልቀው። በገንዘብ የሚገዛውም ዕቃ ሥራው ከዚህ አይለይም።

ቀዩን ጥለት ከነጩ በኋላ አደርገዋለሁ። ቀይ ቀለም ስስ ስለሆነ ከሥሩ ፈካ ያለ ነገር ሲያገኝ ነው የሚደምቀው። ቀዩ ወደ ሸማው ካመለጠ በቀጥታ ነጭ አትደርቡበት፤ ሮዝ ሆኖ ያሳብቃል። አስቀድሞ በፈካ ግራጫ መሸፈን፣ ከዚያ ወደ ነጩ መመለስ።

በርኖሱ ሌላ ዓለም ነው። ጥቁርን በነጭ ብታፈኩት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ግራጫ ይወጣችኋል። ለብረት ይሆናል፤ ፀሐይ ለመታው ሱፍ ግን አይሆንም። እኔ ጥቁርና ጥቁር ቡናማ ደባልቄ እነሣለሁ፤ ለማፍካት አይቮሪ በጥቂቱ እጨምራለሁ። ሱፍ ብርሃን ይውጣል እንጂ አያብለጨልጭም፤ ስለዚህ ሽግግሩ ለስለስ ያለ፣ ልዩነቱም ትንሽ ይሁን። በመጨረሻ ቀጭን ጥቁር በእጥፋቱ ውስጥ አሳልፋለሁ። እዚያ ብቻ ነው ንጹሕ ጥቁር ያለው። ከሩቅ ስታዩት «ጥቁር ነው» ካላላችሁ አፍክታችሁታል ማለት ነው፤ ያንኑ ቀጭን ጥቁር በሙሉው ላይ አሳልፉበት፣ ይመለሳል።

ከቆዳ የተሠራው ጋሻ ደግሞ ጥቁር ቢሆንም ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው። ወዝ አለው። ስለዚህ ገጹ ከሞላ ጎደል ጥቁር ይቀራል፤ እምብርቱና ጠርዙ ላይ ቀጭን፣ ቁርጥ ያለ የብርሃን መስመር ይገባል። አንድ ዓይነት ጥቁር ቀለም በሁለት አቀባብ አንዱ ሱፍ፣ አንዱ ቆዳ ይሆናል። ከዚህ ሥራ ሁሉ እኔን ደስ የሚለኝ እዚህ ጋ ነው።

ከባዱ ፊቱ ነው። ጠይም ፊት ከጥቁር ቡናማ በርኖስ ጋር ሲጎራበት ሁለቱ ተዋሕደው ይጠፋሉ። ፊቱን ሞቅ ያለ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ አደርገዋለሁ፤ በአንገቱና በልብሱ መካከል ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር አስገባለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ፊትና ልብስን በጥቁር መስመር ሲለዩ ኖረዋል፤ እኛ ከዩቲዩብ ነው የምንማረው። የዓይኑ ነጭ ንጹሕ ነጭ አይሁን፣ የደነገጠ ሰው ይመስላል። አይቮሪ በቂ ነው።

ቫርኒሽ ላይ፣ ማለትም ቀለሙን በሚጠብቀው የመጨረሻ ልባስ ላይ፣ አንድ ማሳሰቢያ። በክረምት ስፕሬይ አልረጭም። አየሩ እርጥብ ሲሆን ቫርኒሹ ጭጋግ ያወጣል፤ ሸማው ላይ ላታዩት ትችላላችሁ፣ በርኖሱ ላይ ግን ፍጥጥ ብሎ ይታያል። በብሩሽ የሚቀባውን ማት (የማያብለጨልጭ) ቫርኒሽ ስስ አድርጋችሁ ተጠቀሙ፤ ጋሻው ላይ ብቻ በኋላ አንጸባራቂውን ጠብ አድርጉ።

ፎቶ ስታነሡም ከኋላው ግራጫ ካርቶን አቁሙ። ከጀርባው ጥቁር ሲሆን ስልኩ ብርሃኑን ይጨምርና ሸማውን ከልክ በላይ አንጥቶ እጥፋቱን ያጠፋዋል፤ ነጭ ሲሆን ደግሞ በርኖሱ እጥፋቱ ሁሉ ይጠፋል።