አባቴ ያመጣልኝ መጽሔትና የገዛኋቸው መኪኖች

እሁድ ማታ፣ አዳማ

ዛሬ ከሰዓት የእህቴ ልጅ መጣ። ቡናው ገና ሁለተኛው ነበር። ቁጭ ሳይል ስልኩን አውጥቶ፣ «አክስቴ፣ ይቺኛዋ ከአሥር ዘጠኝ ተሰጥቷታል። ያቺኛዋ ሰባት። ዘጠኟን ልግዛ አይደል?» አለኝ።

መኪና ሊገዛ ነው። ሦስት ዓመት ዕቁብ ጥሏል፤ የጎደለውን ከባንክ ይበደራል። የቤታችን የመኪና ሰው እኔ ስለሆንኩ ወደ እኔ መምጣቱ ያለ ነገር ነው። ግን መልስ አጣሁ። ግምገማውን አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ ግምገማ ነው። «አዎ፣ ግዛት» የሚለው ቃል ግን ከአፌ አልወጣም።

ከሃያ ዓመት በላይ የመኪና መጽሔት አንብቤያለሁ። እነዚያ ገምጋሚዎች በኪሴ ላይ ምን ያህል እንደወሰኑ ግን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ልጁ ከሄደ በኋላ ማስታወሻዬን የከፈትኩት ለዚህ ነው።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ድሮ አሰብ፣ ከ1990 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ጅቡቲ ይመላለስ ነበር። አዳማ ያደገ ሰው ያን ኑሮ ያውቀዋል። ሌሊት ተሳቢዎቹ ሲያልፉ መስኮታችን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ በድምፁ ብቻ የአባቴን መኪና እለይ ነበር። ከጅቡቲ ሲመለስ ለእናቴ ሽቶ፣ ለእኔ አሮጌ የፈረንሳይ የመኪና መጽሔት ያመጣልናል።

በቤቱ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሠንጠረዡን አነባለሁ። ከዜሮ ተነስቶ መቶ ለመድረስ ስንት ሰከንድ? በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር? ክብደቱ ስንት ነው? ቁጥር ቋንቋ አይፈልግም። ያኔ ፔጆ 206 አዲስ ነበር። የቀዩን ፎቶ ቀድጄ ከአልጋዬ በላይ ለጠፍኩት። አንዱን እንኳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ክብደቱን ግን በቃሌ እይዝ ነበር። በኋላ እንግሊዝኛዬ ሲሻሻል ፖስታ ቤት አካባቢ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡ መጽሐፍ ሻጮች ያገለገሉ የእንግሊዝ መጽሔቶች መግዛት ጀመርኩ። ቅጂዎቹ አምስት ስድስት ዓመት ያለፈባቸው ነበሩ። ለእኔ ግን ትኩስ ነበሩ።

በ2007 ዓ.ም የመጀመሪያ መኪናዬን ገዛሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ነው የሚለኝ፤ ትንሿን ቶዮታ፣ ቪትዝን ግዢ። ወንድሜ ቪትዝ አለ። ደላላው ቪትዝ አለ። ሰፈራችን ያለው ሜካኒክ፣ ጋሼ የምንለው፣ እሱም ቪትዝ አለ። እኔ ግን ልቤ ሌላ ዘንድ ነበር። አንድ የአውሮፓ መኪና ነበረ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ያነበብኳቸው መጽሔቶች በሙሉ አመስግነውታል። መሪው ላይ ያለውን ስሜት፣ ኩርባ ሲይዝ ያለውን እርጋታ ገጽ ሙሉ ጽፈውለታል። አዲስ አበባ አንዱ ሊሸጠው አወጣ። ሰውዬው «ግምገማውን አንብበሽዋል?» ሲለኝ በቃ፣ ነገሩ አለቀ።

የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ገና አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። መኪናውን በእሱ ላይ ይዤው ወረድኩ። ሞጆ እስክደርስ ድረስ ፈገግታዬ አልጠፋም። መጽሔቱ ያለው ሁሉ እውነት ነበር። በማግስቱ አባቴን ሶደሬ ወሰድኩት። ዕድሜውን በመሪ የጨረሰ ሰው ነው። ከኩርባው ስንወጣ፣ «ይኼ መሬት ይዞ ነው የሚሄደው» አለ። ዛሬም ድረስ እንደዚያ መኪና ነድቼ አላውቅም።

በሰባተኛው ወር እግሩ መንኳኳት ጀመረ። የሰፈራችን ኮብልስቶንና ጉድጓድ ጎሚኒዎቹን፣ ንዝረት የሚውጡትን የእግሩን ላስቲኮች፣ በልቷቸዋል። ጋሼ ከሥሩ ገብቶ አይቶ ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ልጄ፣ መኪናው ጥሩ ነው። ግን እዚህ አገር ዘመድ የለውም» አለኝ። ዕቃው አዳማ የለም። አዲስ አበባ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ የለም። ከዱባይ በሰው እስኪመጣ ሦስት ወር በባጃጅ ተመላለስኩ። በዓመቱ በኪሳራ ሸጥኩት። ያን ቀን ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ፣ ለዚያ መኪና የሚገባውን መንገድ ልሰጠው አለመቻሌ ነበር።

ቀጥሎ ቪትዝ ገዛሁ። ቪትዝ በአውሮፓ ያሪስ ይባላል። እ.ኤ.አ. የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተሸልሟል። በአገሩ በጃፓንም በዚያው ሰሞን የዓመቱን ሽልማት ወስዷል። ይህን ለጋሼ ስነግረው «እንዴ፣ እነሱም ያውቁታል?» አለ። ሽልማቱን ሳይሰማ ነው ደጋግሞ ያስገዛው። የእሱ ግምገማ ሌላ ነው። ስንቱን ፈትቷል? ስንቱ ተመልሶ መጣለት? ዕቃው በየትኛው ሱቅ አለ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መጽሔት አይዋሽም እያልኩ ነው ያደግሁት። አሁንም አብዛኛው ጋዜጠኛ የተሰማውን እንደሚጽፍ አምናለሁ። ነገር ግን የብዙ መጽሔቶች ገምጋሚ መኪናውን ከአምራቹ ተውሶ፣ አንድ ሳምንት ነድቶ ይመልሳል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይመጣለታል። በዓመት ብዙ መኪና የሚነዳ ሰው ለየት ያለውን ይወዳል፤ ፈጣኑን፣ ኩርባ ላይ የሚያስደስተውን። እኔ ደግሞ በአንድ መኪና አሥር ዓመት እኖራለሁ። የእኔ ደስታ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ሳያንገራግር መነሳቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮንሱመር ሪፖርትስ የሚባለው መጽሔት ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማስታወቂያ አይቀበልም፤ የሚፈትናቸውን መኪኖችም እንደ ማንኛውም ሰው በራሱ ገንዘብ ይገዛል። ባለቤቶችንም ስለ ብልሽት ይጠይቃል። ያ የጋሼ ዘመድ ነው።

አንድ ሳምንት ምን እንደሚደብቅ የሚያሳይ ታሪክ አለ። ሞተር ትሬንድ የተባለው ታዋቂ የአሜሪካ መጽሔት የ1971ን የዓመቱ መኪና ሽልማት ለሼቭሮሌት ቬጋ ሰጠ። ቆይቶ ቬጋ በዝገትና በሞተር ግለት ስሙ ጠፋ። ሸላሚዎቹ ያዩት አዲስ መኪና ነው። ዝገት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

መጽሔት ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እንዲያውም ትልቁ ሥራው ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ። በጥቅምት 1997 እ.ኤ.አ. ቴክኒከንስ ቬርልድ የሚባል የስዊድን መጽሔት አዲሱን የመርሴዲስ ኤ ክላስ ፈተነ። ፈተናው ቀላል ነው። ሙስ የሚባል ግዙፍ የዱር እንስሳ ድንገት መንገድ ውስጥ ቢገባ ሹፌሩ መሪውን ወደ ግራ ይነቅላል፣ ወዲያው ወደ ቀኝ ይመልሳል። መኪናው ተገለበጠ። ዓለም ሁሉ አወራው። ኩባንያው መጀመሪያ ተከራከረ፤ በኋላ ሽያጩን አቁሞ፣ የተሸጡትን ጠርቶ አስተካከለ። መንሸራተትን የሚቆጣጠረውን ኢኤስፒ የተባለ ሥርዓትም በሁሉም ኤ ክላስ ላይ ገጠመ። ያን ጊዜ ይህ ነገር የውድ መኪና ዕቃ ነበር። በትንሽ መኪና ላይ መደበኛ ሆኖ እንዲመጣ መንገድ ከከፈቱት ነገሮች አንዱ ያ መገልበጥ ነው።

እኛ አገር ሙስ የለም። አህያ ግን አለ። ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ በምሽት የሄደ ሰው ከብት፣ ግመልና ጋሪ እንዴት ብቅ እንደሚል ያውቃል። አባቴ ስንት ጊዜ በዚህ ምክንያት መሪ እንደነቀለ እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ያ የስዊድን ፈተና የእኛም ፈተና ነው። የዚያን መጽሔት ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው ዛሬ አዳማ ውስጥ በእሱ ሥራ ይጠበቃል። ግምገማ ገዢውን ከሚያሳምነው በላይ አምራቹን ያሳፍራል። ኤሌክትሪኩ ፎክስዋገን አይዲ 4 ላይም ይኸው ሆኗል። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም መኪና ተብሎ ተመረጠ። ገምጋሚዎቹ ግን የድምፅና የሙቀት ማስተካከያው በጨለማ መብራት የለውም ብለው ወቀሱት። ኋላ የመጡት ላይ ኩባንያው አበራው።

ደግሞ ልናገረው የሚከብደኝ አንድ ነገር አለ። ያን የአውሮፓ መኪና ከመግዛቴ በፊት ግምገማውን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ከገዛሁ በኋላ ግን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። በተለይ እግሩ ሲንኳኳ። አሜሪካ ውስጥ በ1957 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አዲስ መኪና የገዙ ሰዎች ከሌላው ይልቅ የገዙትን መኪና ማስታወቂያ እንደሚያነቡ አሳይቷል። እኔ ያነበብኩት ማስታወቂያ ሳይሆን ግምገማ ነው፤ የፈለግሁት ግን ያንኑ ነው። «አልተሳሳትሽም» እንዲለኝ።

ጽሑፉ የሚወለድበት አገርም ሌላ ነው። እዚያ አዲስ መኪና ከሱቅ በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል። እዚህ መኪና ተቀማጭ ገንዘብ ነው። ሰው ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስሸጠው ያወጣል?» ብሎ ነው። ይህን የሚመልስ መጽሔት የለም፤ ደላላው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሰዋል። የአየሩም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። አልጋዬ ላይ ተኝቼ በቃሌ የያዝኳቸው ሰከንዶች ግን ከእኛ በጣም ዝቅ ባለ አገር የተለኩ ነበሩ።

ታዲያ የእህቴን ልጅ ምን ልበለው? ድሮ ቢሆን ወደ ጋሼ እልከው ነበር። አሁን ያ አይሠራም። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ልጁ የሚመርጠው ከኤሌክትሪኮቹ ነው። ባለፈው አንዱን ጋሼ ጋር ወሰድነው። ኮፈኑን ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። «እዚህ ላይ እኔም ተማሪ ነኝ» አለ። ያን ሰው አርባ ዓመት የሠራበትን እጁን በኪሱ ከቶ ቆሞ ሳየው ሆዴ ተላወሰ።

ስለዚህ ልጁ ወደ መጽሔት መሮጡ እውነት አለው። ችግሩ የሚያነበው ስለ አውሮፓው አይዲ 4 ነው፤ እኛ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። የቻርጅ መሰኪያው የቻይና ነው። ስክሪኑ ቻይንኛ ይናገራል። አንድ ጊዜ ሞልቶ የሚሄደው ርቀትም በቻይና አለካክ የተጻፈ ነው፤ ከአውሮፓው አለካክ የበለጠ ቁጥር ይሰጣል። ዘጠኝ ነጥቡ የተሰጠው ለሌላ መኪና ነው ማለት ይቻላል።

ነገ እደውልለታለሁ። «ትንሽ ቆይ፤ ራሳችን እንለካ» ልለው ነው።

ቅዳሜ ማታ

ለካን። ጓደኛዬ ትንሿን ኤሌክትሪክ መኪናዋን አዋሰችኝ። ባትሪዋ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ወረቀቷ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። ልጁ ደብተር ያዘ፤ እኔ ነዳሁ። እዚሁ አዳማ ካለው ፍራንኮ ሰፈር ተነስተን አዲስ አበባ እህቴ በር ድረስ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። በፍጥነት መንገዱ ላይ ከዘጠና አላለፍኩም። መውጫው 41 በመቶ በላ። ሰባት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው እኮ። ምሳ በልተን ስንመለስ 28 ብቻ። ቁልቁለቱ ላይ ባትሪው ራሱን ሲሞላ ልጁ ቁጥሩን እያየ ይጮህ ነበር። በደርሶ መልስ 69። ሙሉ ባትሪ በዚህ መንገድ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ለአዳማ ሰው ግን በቂ ነው፤ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል።

ወደ ቤት ሳንገባ ጋሼ ጋ ቆምን። ደብተሩን ተቀብሎ መነጽሩን አደረገ። ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበው። አንዴ ተመልሶም አነበበው።

«የጎማው ንፋስ ስንት ነበር?» አለ።

አልለካንም ነበር።

«ስንት ሰው ጭነሽ ነበር? ኤሲውስ?»

ልጁ እስክሪብቶውን አወጣና ጥያቄዎቹን ከሥር መጻፍ ጀመረ። ጋሼ ቦታ እንዲበቃው ደብተሩን ወደ ጎን አዞረለት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ንፋሱን እሱ ራሱ ሞልቶ፣ ከእኛ ጋር ሊሄድ ተስማምተናል።