ሲነቃ እንከፍልሃለን

ለገጣፎ ነው ግቢው። እትዬ «ጽጌረዳ ሰልችቶኛል፤ የጫካ አበባ ትከልልኝ» አሉኝ። ጽዱ ሥር ጥላ አለ፣ አፈሩም በበሰበሰ ቅጠል ጠቁሯል። እንሶስላ እንዲህ ያለ ቦታ ካገኘ ሌላ አይፈልግም። ሥሩን ከእናቴ ጓሮ አምጥቼ ተከልኩላቸው።

ክረምቱን ወገቤን አልፎ አደገ። አበባው ነጭ ነው፣ ጉሮሮው ላይ ሐምራዊ ጣል ያደረገበት። ሲመሽማ ሽታው! እንግዳ ሲመጣ «እኔ ነኝ ያስተከልኩት» እያሉ ያስጎበኛሉ። ቀሪ ሂሳቤን ስጠይቅ ግን «ትንሽ ታገሠኝ» ነው።

ጥር ላይ ደወሉ።

«ሞቷል።»

«አልሞተም እትዬ። ላዩ ነው የደረቀው፤ ሥሩ ተኝቷል።»

«ተኝቷል?»

«አዎ፣ ዝናብ እስኪመጣ።»

«ታዲያ እኔ ገንዘቤን ያወጣሁት ለሚተኛ ተክል ነው?»

ያወጡት ግማሹን ነው። ዝም አልኩ።

«ዘበኛው ጠዋት ማታ ውሃ ያጠጣዋል፤ ወይ ፍንክች!»

ይሄኔ ደነገጥኩ። የተኛ እንሶስላ ውሃ ከበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል። በእግዜር ይሁንብዎ ያስቁሙልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

«እሺ፣ ሲነቃ እንከፍልሃለን» ብለው ዘጉት።

ዝናቡ ሲገባ ነቃ። ወፍራም ወፍራም ቡቃያ አፈሩን ሰንጥቆ ወጥቷል። ደስ ብሎኝ ሂሳቤን አነሳሁ። እትዬ ቡቃያውን አዩት፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«ይሄማ ራሱ ነው የበቀለው። አንተ ዘንድሮ ምን ሠራህ?»

አሁንም ድረስ መልስ አላገኘሁለትም። ደህና አድርገህ የተከልከው የጫካ አበባ የሚፈልግህ አንዴ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚጠወልግ የፈረንጅ አበባ የሚተክሉት ጓደኞቼ ግን በየወሩ ይጠራሉ፣ በየወሩ ይከፈላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ውሉ ላይ «በበጋ ይደርቃል፤ ውሃ አይጠጣም፤ አይነቀልም» ብዬ አስፈርማለሁ። እስካሁን ያነበበው ሰው አላጋጠመኝም።

በቀጣዩ ጥር እትዬ እንደገና ደወሉ፤ ሄድኩ። ቤት ውስጥ ሰርግ ነበር። እናታቸው ከገጠር መጥተው፣ ማንንም ሳይጠይቁ ጽዱ ሥር ቆፍረው፣ ሥሩን ወቅጠው የሴቱን ሁሉ እጅና እግር አቅልተውታል። እትዬ እያወሩኝ የራሳቸውም ጥፍር እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«ምንም አላስተረፉም፤ እንደ አዲስ ትከልልኝ» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አፈሩን ጫር ጫር አደረግኩት። እማማ አዋቂ ናቸው፤ ለዘር የሚሆነውን አልነኩትም። ሰኔ ላይ ራሱ ይወጣል።

«እተክላለሁ፤ ግን ሙሉ ሂሳብ በቅድሚያ ነው» አልኳቸው።

ከፈሉ።