«ሎንሰም ዶቭ»ን መጽሐፉን ይዤ ሳየው

ዳላስ ከገባሁ ወዲህ የካውቦይ ፊልም ሱሴ ብሶብኛል። የፊልም ቡድናችን ስለ «ሎንሰም ዶቭ» እንዳወራ ሲጠይቀኝ ዓይኔን አላሸሁም። ላሪ ማክመርትሪ ልቦለዱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ በዓመቱ የፑሊትዘር የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘበት። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲቢኤስ በ1989 በአራት ክፍል ድራማ አድርጎ አቀረበው። ሁለት የቀድሞ የቴክሳስ ሬንጀሮች (የግዛቱ ታጣቂ ሕግ አስከባሪዎች) ከሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር ተነስተው ከብት እየነዱ ሞንታና ድረስ ይዘልቃሉ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ነጭ ያልሆኑት ሰዎች እንዴት ተሳሉ?

ደብተር አውጥቼ ገጹን ለሁለት ከፈልኩት። በግራ መጽሐፉ፣ በቀኝ ድራማው። ስንት ጥቁር፣ ስንት ሜክሲኳዊ ታየ ብሎ መቁጠር ብዙ አይነግርም። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ፦ ሲያስብ እናየዋለን? ሲሞትስ ማን ያለቅስለታል?

ዲትስ ላይ ስደርስ ግራው ሞላ። ዲትስ ጥቁር መንገድ መሪ ነው፤ ውሃ የሚያገኘው፣ መሻገሪያ የሚያጠናው እሱ ነው። መጽሐፉ ጭንቅላቱ ውስጥ ያስገባናል። ጨረቃን እያየ ያሰላስላል፤ ከአሮጌ ድሪቶ የተሰፋ ሱሪውን ለብሶ። ድራማው ላይ ሐሳቡ የለም። ያለው የዳኒ ግሎቨር ፊት ነው። እውነቱን ለመናገር ያ ፊት ብዙ ገጽ ይተካል።

አሟሟቱን ደጋግሜ አየሁት። ዲትስና ሁለቱ ሬንጀሮች የተሰረቁ ፈረሶችን ፍለጋ ይሄዳሉ። የወሰዷቸው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ግን በረሃብ ያለቁ ምስኪኖች ናቸው፤ ፈረሱን አርደው ሊበሉ ነው የወሰዱት። ሲሸሹ አንድ ሕፃን ይቀራል። ዲትስ ያነሳዋል። አንድ ወጣት ልጁን ሊጎዳው መስሎት በጦር ይወጋዋል። ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው፤ እንዲህ ያለ ነገር በካውቦይ ፊልም እምብዛም አይታይም። ግን ወጣቱም ወዲያው በጥይት ይወድቃል፤ ካሜራው የሚቆየው ከዲትስ ጋር ነው። ወጣቱን ማን አለቀሰለት? የደብተሬ ሁለቱም ጎን ባዶ ነው።

ከዚያ ዌዘርፎርድ ሄድኩ፤ ከፎርት ወርዝ ወደ ምዕራብ ነው፣ ሩቅ አይደለም። ለዲትስ መነሻ የሆነው ቦዝ አይካርድ የተቀበረው እዚያ ነው። በባርነት የተወለደ፣ በኋላ ከከብት ነጋዴው ቻርልስ ጉድናይት ጋር የሠራ ካውቦይ ነበር፤ በ1929 አረፈ። ድንጋዩን ያቆመለት ጉድናይት ነው፤ አብረው የሠሩበትን አራት ዓመትና ከነባር ሕዝቦቹ ከኮማንቼዎች ጋር የገጠሙባቸውን ሦስት ውጊያዎች አስጽፎበታል። በልቦለዱ የዲትስ መቃብር ላይ አራቱ ዓመት ሠላሳ ይሆናል። ጉድናይት የከብት ሽያጩን ገንዘብ ለአይካርድ ያሲዝ ነበር፤ ሌባ ጥቁር ሰው ጋ ገንዘብ ይኖራል ብሎ አይጠረጥርማ! ንቀቱን ካዝና አደረጉት። ማክመርትሪም ይህን ዘዴ መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል።

የታሪኩ ክፉ ሽፍታ፣ የኮማንቼ ደም ያለበት ብሉ ደክ ላይ ስደርስ ግን ለደራሲዎቹ አልራራሁም። ከጥፋት በቀር ምንም የለውም፤ ከየት መጣ፣ ምን አጎበጠው፣ መጽሐፉም ድራማውም አይጠይቁም። እስክሪብቶዬን ይዤ ብቀመጥም የምጽፈው አላገኘሁም።

ይህን ማነጻጸር አሁን የምጀምር ብሆን ከተዋናዩ በፊት የስክሪፕት ጸሐፊዎቹን ስም አያለሁ። ከቶኒ ሂለርማን ልቦለዶች የተወሰደውን፣ በ2022 የጀመረውን ተከታታይ ድራማ «ዳርክ ዊንድስ» ከጻፉት አብዛኞቹ ራሳቸው ነባር ሕዝቦች ናቸው። ለቡድኑ ቀጣይ ምሽት እሱን አቅርቤያለሁ፤ ድምፅ ገና አልተሰጠበትም።